ለተርባይኑ የተቦካው ሊጥ

ጌንግ ባኦሻን በእጁ ይኮራ ነበር። በሻንሺ የከሰል ምድር፣ በፌን ወንዝ ዳር በቆመው የኤሌክትሪክ ማመንጫ ጣቢያ ከእሱ የበለጠ በያጅም ሆነ ቀጥቃጭ ሞልቶ ነበር፤ የተርባይኑን የዘይት ጋን እንደ እሱ አጥርቶ የሚያጸዳ ግን አልነበረም። ይህንንም እሱ ብቻ ሳይሆን ከጣቢያው ኃላፊ እስከ ዘበኛው ድረስ ሁሉም ያውቀው ነበር።

የተርባይን ዘንግ ምንም እንኳ ከብረት የተሠራ ግዙፍ ነገር ቢሆን፣ በብረት ላይ አይሽከረከርም፤ ከወረቀት በሳሳ የዘይት ንጣፍ ላይ ተንሳፍፎ ይሽከረከራል እንጂ። ያ ንጣፍ ለጥቂት ጊዜ እንኳ ቢቋረጥ ዘንጉን በሚሸከመው ኩሽኔታ ውስጥ የተለበጠው ለስላሳ ነጭ ብረት እንደ ሰም ይቀልጣል። ስለዚህም የዓመቱ ጥገና በደረሰ ቁጥር ዘይቱ ተቀድቶ ጋኑ ባዶ ሲቀር፣ አንድ ቀጭን ሰው በጠባቡ አፉ ሾልኮ ይገባና ግድግዳውን በሊጥ ይጠርገዋል። ጨርቅ ክሩን፣ ብሩሽም ፀጉሩን ጥሎ ይወጣል። በወጉ የተቦካ የስንዴ ሊጥ ግን አቧራውንና የብረት ብናኙን እየለቀመ ይወጣል፤ ከራሱ አንዳች አይተውም።

ይህን ሥራ ያስተማረው ሠራተኛው ሁሉ ሺፉ፣ ማለትም የሙያ አባት፣ እያለ የሚጠራው ሽማግሌው ሚያኦ ነበር። ባኦሻን አባቱ ሞቶበት ከገጠር ከእናቱ ጋር በመጣ ጊዜ ገና አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር። ሺፉ ሚያኦ ገበታ ሙሉ ዱቄት ከፊቱ አስቀምጦ፣ «የጆሮህን ጫፍ ንካ» አለው። «ሊጡ እንዲያ ይሁን። ከዚያ ከለሰለሰ ይጣበቃል፣ ከዚያ ከጠነከረ ይሰነጠቃል። ሲሰነጠቅ ደግሞ ጋኑን አላጸዳኸውም፣ አቆሸሽከው ማለት ነው።» ከዚያ በኋላ ለአሥር ዓመት ያህል ሁለቱ በአንድ ገበታ ላይ አብረው አቦኩ።

ከዚያ ያ ክፉ ዓመት መጣ። ሰው የዛፍ ቅርፊት ቀቅሎ የበላበት፣ የስኳር ድንች ቅጠል እንደ ጎመን የተመኘበት ዓመት ነበር። የተርባይኑ ድርሻ ግን አልተቀነሰም፤ የጥገናው ወራት ሲደርስ ነጭ ፉርኖ ዱቄት እንደ ወትሮው ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ወጣ። በያጁ ቺያኦ በመስኮቱ ሲያልፍ ዱቄቱን አየና፣ «እትዬ ሉ፣ እኔንም ዘይት ቀብታችሁ ኩሽኔታ ውስጥ አስቀምጡኝ፤ ምናልባት ዱቄት ይደርሰኛል!» ብሎ ቀለደ።

የግምጃ ቤቱ ኃላፊ፣ ባሏ የሞተባት ሉ፣ «አንተን ለመቀባት የሚበቃ ዘይት የለንም፣ እለፍ!» ብላ ዱቄቱን ለባኦሻን አስረከበችው።

ሺፉ ሚያኦ በዚያ ሰሞን ጉልበቱ ከድቶት መቆም ያቅተው ነበር። ስለዚህ፣ «ዘንድሮ ብቻህን አቡካው፤ እጅህን አምነዋለሁ» አለው።

ከግምጃ ቤቱ ወደ ጥገናው ክፍል የሚወስደው መንገድ በሠራተኞቹ መኖሪያ በኩል ያልፋል። እናቱ በዚያ ተኝታለች፤ እግሯ ከረሃብ የተነሳ አብጦ፣ በጣት ሲጫኑት እንደ ጭቃ ሰርጉዶ ይቀር ነበር። ባኦሻን ገባ። ግማሹን ዱቄት በማሰሮ ገለበጠ፤ በምትኩ ከወር ራሽኑ የተረፈችውን የስኳር ድንች ዱቄት ጨምሮ አደባለቀ። ከዚያም ጥቂት ሾርባ ሠርቶ እናቱን ደግፎ አጠጣት።

«ከየት አመጣኸው?» አለችው።

«ጣቢያው ሰጠን።»

«ጣቢያው ይባረክ። እትዬ ሉንም አመስግንልኝ፤ እሷ ናት የሰፈረችው አይደል?»

«አመሰግናታለሁ፣ እማ» አላት፤ ከማሰሮው ዳር የተጣበቀውንም በጣቱ እየጠረገ ላሰ።

በጋኑ ውስጥ ሊጡ ከዳው። ስኳር ድንቹ የስንዴው ጅማት ስለሌለው፣ በግድግዳው ላይ በጫነው ቁጥር ይሰነጠቃል፤ ፍርፋሪው በመብራቱ ጭላንጭል ወደ ታች ሲረግፍ ታየው። በመዳፉ እየጠረገ ለቃቀመ፤ መዳፉ ያልደረሰበትንም «የዘይቱ ማጣሪያ ይይዘዋል» ብሎ ራሱን አጽናና። ሲወጣ ሺፉ ሚያኦ በበርጩማ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀው ነበር።

«ንጹሕ ነው?»

«ንጹሕ ነው፣ ሺፉ።»

ሽማግሌው በመብራት ልመልከት አላለም፤ ክዳኑ እንዲታሰር አዘዘ።

ተርባይኑ ተነሥቶ በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ የዘይቱ ግፊት መውረድ ጀመረ። ሺፉ ሚያኦ በሁለት ሰው ተደግፎ መጣና የማዳመጫውን ቀጭን የብረት ዘንግ አንዱን ጫፍ በኩሽኔታው ላይ፣ ሌላውን በጆሮው ላይ አኖረ። ፊቱ ተለወጠ። «አጥፉት! አሁኑኑ አጥፉት!» ብሎ ጮኸ። እንፋሎቱ ተዘጋ፤ የከተማው መብራት ጠፋ፤ በከሰሉ ጉድጓድ የአየር ማራገቢያው ቆሞ ቆፋሪዎቹ በእግራቸው እስኪወጡ ድረስ ሚስቶቻቸው በጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመው ጠበቁ። ሁሉም በሕይወት ወጡ። ማጣሪያው ሲከፈት ግን እንደ ገንፎ የሚዝለገለግ ግራጫ ነገር ሞልቶት ተገኘ። ሺፉ ሚያኦ በጣቱ ነክቶ ቀመሰውና እንትፍ አለ።

«ስኳር ድንች» አለ።

ሠራተኛው በግቢው ተሰበሰበ። የጣቢያው ኃላፊ ዩዋን፣ እትዬ ሉን ከፊት አቆማት። ዱቄቱ ከግምጃ ቤት የወጣው ተበርዞ ነው፤ ቁልፉ ደግሞ በእሷ እጅ ነው ብሎ ከሰሳት።

«እኔ ንጹሕ ፉርኖ ነው የሰጠሁት» አለች ሉ።

ቺያኦ ከመካከል ተነሣ። «አይ እትዬ ሉ! እኛ ስንከሳ ያንቺ ጉንጭ የሞላው ለካ በተርባይኑ ዱቄት ነው!»

አንዳንዶች ሳቁ። ሉ ወደ እሱ ቀርባ ፊቷን ሰጠችው። «ና፣ ተጫነው! ምን ያስፈራሃል? ውሃ እኮ ነው፣ ሥጋ አይደለም። ጣትህ የነካው ሰርጉዶ ሲቀር ያን ጊዜ ትስቃለህ።»

ቺያኦ አልተጫነም። ሌላ ድምፅ ግን ከኋላ፣ «ድስቷ ይምጣ! ምን እንደምትበላ እንይ!» አለ። ድስቷ ከነክዳኑ መጣ። ባኦሻን ክዳኑ ሲነሣ አየ፤ አንገቱን ሊመልስ ፈልጎ አልቻለም። በውስጡ የተቀቀለ የዛፍ ቅርፊትና ጥቂት የበቆሎ ገለባ ነበር። ሳቁ ጠፋ። ሉ እጆቿን በሽርጧ ጠቅልላ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የእራቷን እንፋሎት እየተመለከተች ቆመች።

ዩዋን ጉሮሮውን ጠራረገ። «ታዲያ ማን ነው የቀየረው? ከእሷ እጅ በኋላ ሌላ ማን ነክቶታል?»

ወደ ባኦሻን ዘወር ያለ አንድ ሰው እንኳ አልነበረም። ሺፉ ሚያኦ ከተቀመጠበት ሳይነሣ፣ «ባኦሻንን እንዳታስቡ» አለ። «እሱን ያሳደግሁት እኔ ነኝ።»

የቀደመው ሁሉ፣ ስድቡም፣ ሳቁም፣ ድስቱም፣ ሊያናግረው ያልቻለውን ሰው ይህ ቃል አናገረው።

«እኔ ነኝ» አለ።

«ምን አልክ?» አለ ዩዋን።

«ግማሹን ወሰድኩት። በስኳር ድንች ተካሁት።»

«ዱቄቱስ የታለ?»

«እናቴ በላችው።» ከዚያም፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «እኔም በልቻለሁ» አለ።

የሰደበው አልነበረም። ብዙዎቹ መሬት መሬቱን አዩ፤ ምናልባትም እያንዳንዱ በልቡ የራሱን እናት አስቦ ይሆናል። ሉ ብቻ ድስቷን አንሥታ ስታልፍ አጠገቡ ቆም አለች።

«መስረቅህስ ይሁን፤ ለእናት ነው» አለችው በዝግታ። «ግን ክዳኑ ሳይነሣ መናገር አትችልም ነበር?»

መልሱንም ሳትጠብቅ ድስቷን ይዛ ሄደች።

ባኦሻን ወደ አመድ ማመላለሻው ሥራ እንዲዛወር ተፈረደበት። አስቀድሞ ግን ጋኑ ዳግመኛ መጽዳት ነበረበት፤ በዚያ አፍ የሚሾልክ፣ ሥራውንም የሚያውቅ ሌላ ሰው አልነበረም። አዲሱን ሊጥ ሺፉ ሚያኦ ተቀምጦ ራሱ አቦካው፤ በገበታው ዳር ለባኦሻን ቦታ አልለቀቀለትም። ባኦሻን በጋኑ ውስጥ ተንበርክኮ ያን ነጭ፣ ልስልስ ሊጥ በብረቱ ላይ እየጫነ ሲያነሣ፣ ሊጡ አንዳች ሳያጎድል እየታዘዘው ይነሣ ነበር። በዘይትና በዝገት የጠቆረውን ሊጥ በጋኑ አፍ በኩል ወደ ውጭ ሲያቀብል፣ የሽማግሌው እጅ የእሱን እጅ ሳይነካ ሊጡን እየተቀበለ ይመለሳል።

በመጨረሻ ወጥቶ በእግሩ ሲቆም ሺፉ ሚያኦ መብራቱን አነሣ።

«አፍህን ክፈት።»

ባኦሻን መጀመሪያ የሰማውን አላመነም።

«ክፈት አልኩህ።»

ከፈተ። ሽማግሌው ብርሃኑን ወደ ጉሮሮው አስገብቶ አየ፤ ምላሱን እንዲያነሣ ነገረው፤ ሊጥ ደብቆ እንደሆነም ከምላሱ ሥር አየ። የሃያ ሰባት ዓመት ሰው እንደ ሕፃን አፉን ከፍቶ በሠራተኛው ፊት ቆመ፤ ዕንባው ወደ ጆሮው ሥር ሲወርድ በእጁ ሊጠርገው እንኳ አልደፈረም። «ዝጋው» አለ ሺፉ ሚያኦ፤ ከዚያ በኋላ እስኪሞት ድረስ ስለዚህ ነገር አንድ ቃል አልወጣውም።

እናቱ ዳነች። በዱቄቱ ይሁን በዕድሏ ማን ያውቃል። ባኦሻን ስትድን ባየ ጊዜ ደስ አለው፤ በደስታውም አፈረ። እሷም ወሬውን ከጎረቤት ሰምታ ኖሮ፣ ጣቢያውን መመረቅ ተወች እንጂ አንድም ቀን አልጠየቀችውም።

ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ ዘይቱ ሥራ መለሱት፤ እስከ ጡረታውም በዚያ ኖረ። ከጋን በወጣ ቁጥር ማንም ሳያዝዘው ወደ መብራቱ ዞሮ አፉን ይከፍት ነበር፤ አዲሶቹ ሠራተኞች የሽማግሌ ቀልድ መስሏቸው ይስቁ ነበር፤ እሱም ይስቁ ብሎ ይተዋቸዋል። በሉ መስኮት ፊት ግን፣ እሷ ጡረታ እስከወጣችበት ቀን ድረስ፣ አንድ ጊዜ እንኳ አልቆመም። ጓንትም ሆነ ሳሙና ሲያስፈልገው ሌላ ሰው ይልክ ነበር፤ ሉም ላኪው ማን እንደሆነ ሳትጠይቅ ሰፍራ ትሰጥ ነበር።