አባቴ ፀሐይ ሲቆጥብ

እኔና እናቴ በስልክ «ደህና አደርሽ» ከተባባልን ቆይተናል። ስልኩ እንደተነሳ «መብራት አለ?» እላለሁ፤ እሷም «አለ» ወይም «የለም» ትለኛለች። ጤናውም ወሬውም ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። እሷ ሰበታ ናት፣ እኔ ቡራዩ ተከራይቼ እኖራለሁ፣ ሥራዬ ደግሞ ሜክሲኮ አካባቢ ነው። በቀን ስንቴ እንደምደውል ብትጠይቁኝ ስለማፍር አልናገርም። ቢሮ ውስጥ «ቆጣሪ አንባቢ ነሽ እንዴ?» እያሉ ያሾፉብኛል። ይሹፉ።

የምደውለው ለአባቴ ነው። ሳንባው ደክሟል። ሐኪሞቹ ከሆስፒታል ሲያስወጡት ቤት ሆኖ በኦክስጅን ማሽን እንዲተነፍስ አዘው ነው። ማሽኑ አልጋው አጠገብ ተቀምጦ ሲያንጎራጉር ይውላል፤ ከክፍሉ አየር ኦክስጅኑን ይለይና በቀጭን ቱቦ ወደ አፍንጫው ይልካል። የሚሠራው በኤሌክትሪክ ነው። መብራት ሲሄድ ሌላው ሰው ቴሌቪዥኑ ይጠፋበታል፤ እኛ ቤት አባቴ ትንፋሽ ያጥረዋል። ጭንቀቴ ሁሉ ይኸው ነው።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የቦቴ ሾፌር ነበር። ከጅቡቲ ነዳጅ እየጫነ ሲመላለስ ነው ያሳደገን። ከመንገድ ሲመለስ ልብሱ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል፤ እናቴ ለብቻው ትዘፈዝፈዋለች፤ እኔ ግን ሽታው አባባ መጣ ማለት ስለነበር እወደው ነበር። አንድ ቀን መምህራችን ሰሌዳውን ለሁለት ከፍላ፣ በአንዱ በኩል «ታዳሽ»፣ በሌላው «ታዳሽ ያልሆነ» ብላ ጻፈችና ነዳጅ ካለቀ እንደማይተካ ነገረችን። አባቴ ሥራ ሊፈታ ነው ብዬ እየሮጥኩ ቤት ሄድኩ። «እኔ ቀድሜው አልቃለሁ፣ አትስጊ» ብሎ ሳቀ። ያኔ ሳንባው ደህና ስለነበር ሳቁ ከውጭ በር ድረስ ይሰማ ነበር።

ሲታመም መጀመሪያ የገዛነው ጀነሬተር ነው። ወንድሞቼ ተሸክመው በረንዳው ላይ ሲያስቀምጡት አባቴ ደስ አለው። የሚያውቀው ነገር ነዋ! ድምፁን እየሰማ የትኛው ብሎን እንደላላ ይናገራል። ግን ቤንዚኑ ከየት ይምጣ? ማደያ በጄሪካን አይቀዳም፤ መኪና ይዘህ ና ነው የሚሉት፤ እኛ ደግሞ መኪና የለንም። ታላቅ ወንድሜ ስለ አባታችን ትንፋሽ ሲያስረዳ ውሎ ባዶ ጄሪካን ይዞ ተመለሰ። አባቴ ጄሪካኑን አየና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ስንቱን ማደያ ሲሞላ የኖረ ሰው! ደሜ ፈላ። የዚያን ዕለት በአስፋልቱ ያለፈ መኪና ሁሉ ከአባቴ አፍንጫ ላይ ትንፋሽ የወሰደ መስሎ ታየኝ።

የፀሐዩን ነገር ያመጡት ሀጂ ናቸው። ሀጂ አስፋልቱ ዳር የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሸጡ ጎረቤታችን ናቸው፣ ከአባቴ ጋር ከወጣትነታቸው ጀምሮ ይተዋወቃሉ። ሊጠይቁት መጥተው ሲወጡ ጣሪያችንን ቀና ብለው አዩና «ይሄ ሁሉ ፀሐይ ቆርቆሮ ላይ እንዲሁ ይቀራል?» አሉ። አባቴ ከውስጥ ሆኖ «በሊትር የማይሰፈር ነገር ምኑ ይታመናል?» ሲል መለሰላቸው።

«አላህ ሰፍሮ ነው የሚሰጠው፣ አንተ ዝም ብለህ ተንፍስ» አሉት።

ብዙም ሳይቆይ ሶላሮቹ ጣሪያ ላይ ወጡ፤ ባትሪው በትልቅ ሣጥን ሆኖ ከመኝታ ቤቱ በር ጎን ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። እኔ ሀጂን በጥያቄ አደረቅኳቸው። ለእናቴ ግን አጭር ቃል ነው የነገሯት፦ «መብራት ሲሄድ የማሽኑን ሶኬት ከግድግዳው ንቀይና እዚህ ሰኪ። አረንጓዴ ከበራ ሞልቷል፣ ቀይ ከበራ አልቋል። በቃ።»

ከዚያ ወዲህ «መብራት አለ?» ስላት «የለም፤ ግን አይዞሽ፣ ፀሐይ አለ» ትለኝ ጀመር። ማረፍ ነበረብኝ። እኔ ግን የማርፍ ሰው አልሆንኩም። ቡራዩ ሰማዩ ሲጠቁር ሰበታም የጠቆረ ይመስለኛል። ሱሉልታ የምትኖር ጓደኛዬ ጋ ሳይቀር እየደወልኩ ዳመናው ወዴት እንደሚሄድ እጠይቃታለሁ። «አየር ትንበያ ለምን አትቀጠሪም? እኛ እዚህ በብርድ እየሞትን ነው፣ ማን ሰማይ ያያል» ትለኛለች። ጣሪያ ላይ ወጥቼ ዳመናውን በመጥረጊያ ብጠርገው ደስ ይለኛል።

አንድ የበጋ ቀን ቢሮው ሰበታ ወዳለ ፋብሪካ አንድ ዕቃ እንዳደርስ ላከኝ። አየር ጤና ላይ ታክሲ ጠፋ። ግማሹ ቤንዚን ሰልፍ ላይ ነው ተባለ። በስንት መከራ አንድ ሚኒባስ ተገኘና ተጋፍተን ገባን። አጠገቤ የተቀመጠች ሴትዮ ስልኳን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ «ኢብሳን ጅራ?» አለች፤ መብራት አለ ወይ ማለቷ ነው። ወዲያ ያለው ሰው «ሂን ጅሩ» ሲላት እኔም ሰማሁት። የለም።

«ሰፈራችሁ የት ነው?» አልኳት፣ ሰላም እንኳ ሳልላት።

የእናቴን ሰፈር ጠራችልኝ። ወዲያው ደወልኩ። እናቴ እንደ ወትሮዋ «የለም፤ ግን አይዞሽ፣ ፀሐይ አለ» አለችኝ። እውነቷን ነበር፤ ከመስኮቱ ውጭ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሆኖም እግሬ አላርፍ አለኝ። ረዳቱ «እህት፣ ወንበሩን አትርገጪው» እስኪለኝ ድረስ የፊተኛውን ወንበር ስደበድብ ነበር።

ዕቃውን አደረስኩና ሳልነግራቸው ቤት ሄድኩ። እናቴ ጓሮ ልብስ ታጥባለች። በዋናው በር ገባሁ። ማሽኑ ጸጥ ብሏል። አባቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ሁለት እጆቹን ጉልበቱ ላይ ተክሎ፣ ቱቦውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ተቀምጧል። ትከሻው ከፍ ዝቅ ይላል። ከንፈሩ ጠቁሯል። በሩ ጎን ያለው ሣጥን ላይ ግን አረንጓዴው መብራት ቦግ ብሎ በርቷል።

ሶኬቱን እንዴት ነቅዬ እንዴት እንደሰካሁት አላውቅም። ማሽኑ ጮኸ፣ ከዚያ ማንጎራጎር ጀመረ። ቱቦውን አፍንጫው ላይ አደረግኩለት። ከዚያ እኔም ጮህኩ። የጮህኩት እናቴ ላይ ነው፤ ድምፄን ሰምታ፣ ክንዷ ላይ አረፋ እንዳለ መጥታ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«ፀሐይ አለ አላልሽኝም?»

«አለ አልኩሽ» አለች፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። «እሱ እኮ ነው፣ ገና ነው፣ አትሰኪው የሚለኝ። ሲብስብኝ እነግርሻለሁ ይለኛል። መብራት በሄደ ቁጥር እንዲህ ነው። እንዳትነግሪያት ብሎ አስምሎኛል።»

ወደ አባቴ ዞርኩ። «አባባ፣ ምን ሆነህ ነው? መሞት አማረህ?»

እጁን አንስቶ ጠብቂ አለኝ። ክፍሉ ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያልኩ ጠበቅሁት። እናቴ ፊቷን በቀሚሷ ጠርጋ ወደ ጓሮ ተመለሰች። ከንፈሩ ቀስ በቀስ ሲቀላ፣ በየሁለት ቃሉ እያረፈ መናገር ጀመረ።

«በረሃ ላይ ነዳጅ ሊያልቅ ሲል አንቺ አታውቂውም። እኛ ቁልቁለት ስናገኝ ማርሽ አውጥተን በፍሪ ነበር የምንለቀው። መኪናው በራሱ ይወርዳል። ያቺ የተረፈችው ናት ኋላ ዳገት የምታወጣው።» ትንሽ አረፈ። «ለኔ ቀን ቁልቁለት ነው። ቁጭ ካልኩ እችለዋለሁ። ዳገቱ ሌሊት ነው።»

«ሌሊት ምን አለ?»

ወደ ጓሮው በር አየ። የሚታጠበው ልብስ ድምፅ ይሰማል።

«ሌሊት መብራት ሄዶ ይሄ ሣጥንም ካለቀ እናትሽ አትተኛም። መዳፏን አፍንጫዬ ስር አድርጋ ቁጭ ብላ ታድራለች፣ እተነፍስ እንደሆነ። የተኛሁ መስሏት ነው። አይቻታለሁ። ቀን የምቆጥበው ለሷ እንቅልፍ ነው።»

ልናገረው ያዘጋጀሁትን ቁጣ ተውኩት። እናቴ መብራት በጠፋበት ሌሊት ማግስት ስልክ ስታነሳ ለምን ድምፅዋ እንደሚጎረንን አንድም ቀን አልጠየቅኳት። የምጠይቃት ስለ መብራት ነበር።

ሣጥኑን አየሁት። ሀጂን በጥያቄ ያደረቅኳቸው ስለዚሁ ነበርና ጠባዩን አውቃለሁ። በበጋ ረፋድ ላይ ይሞላል። ከሞላ በኋላ ከጣሪያው የሚመጣውን አይቀበልም። ከተጠቀሙበት ተጠቀሙበት ነው፣ ካልሆነ የትም አይቀመጥም። አባቴ እዚያ አረንጓዴ መብራት ሥር ተቀምጦ ከንፈሩ እስኪጠቁር የቆጠበው ትንፋሽ ለሌሊቱ ምንም አልጨመረም። ባልነግረው ደስ ባለኝ፤ ካልነገርኩት ግን ነገም እንዲሁ ይቀመጣል። አጠገቡ አልጋው ላይ ተቀመጥኩ።

«አባባ፣ ሣጥኑ እኮ ሞልቷል። ከሞላ በኋላ ፀሐይ አይጠራቀምም። በእንዲህ ያለ ቀን ብትተነፍስበትም ለሌሊት አይጎድልብህም።»

«አይጎድልም?»

«አይጎድልም።»

ሣጥኑን አየ፤ ቀጥሎ ጣሪያውን።

«ታዲያ እኔ የቆጠብኩት የት ገባ?»

ጎንበስ ብዬ የማሽኑን ገመድ ከእግሩ ሥር ሰበሰብኩ። እሱ ግን ዓይኑን ከፊቴ አላነሳም።

«ከመጀመሪያው ጀምሮ ነው?» አለኝ።

«አይደለም» አልኩት። «ፀሐዩ አሁን በርትቶ ነው። ከዛሬ ወዲህ ብቻ ነው።»

አመነኝ፤ ወይም ሊያምነኝ ፈለገ። ቱቦውን በጣቶቹ አፍንጫው ላይ አጠባበቀና ረጅም ትንፋሽ ወሰደ።

«እንግዲያው የበፊቱ ለእናትሽ ደርሷታል» አለ።