የዓሣው ቅርፊት

ያን ቀን ወገዳ ከተማ ተከራይቼው በነበረው ቤት አራት ሰዎች ነበርን፤ ታላቅ እህቴ ትርንጎ፣ ሾፌሩ ጓደኛዬ ሰጠኝ፣ ፊደል ያስቆጠሩኝ መሪጌታ ይትባረክ፣ አራተኛው እኔ። ድመቷ ከተቆጠረች አምስት።

ባለፈው ቅዳሜ ንፋስ መውጫ ከአንድ ሱቅ ገብቼ የዓሣ ቆርቆሮ ሳይ፣ እጄ ሳላዘው አንስቶ ወረቀቱ አለመላጡን ያገላብጥ ጀመር። ልማዱ ከዚያ ከወገዳው ቀን ጀምሮ የያዘኝ ነው።

የትንሣኤ ሰሞን ነበር። ቤቱን ገና መከራየቴ ስለሆነ መሪጌታ መጥተው እንዲባርኩልኝ ለመንኳቸው። ያቀረብኩላቸውን ምግብ ከስልክ ላይ እያየሁ ብቻዬን የተማርኩት ነው፤ ዓሣ፣ አይብ፣ ደቆ የተከተፈ ሽንኩርትና ቃሪያ፣ ትንሽ ቅቤ። የዳቦ መጋገሪያ ምድጃ የለኝምና በሸክላ ድስት አድርጌ፣ በብረት ክዳን ከድኜ፣ እንደ ድፎ ዳቦ ከላይም ከታችም ፍም አደረግሁበት። ዓሣውን በአንድ ትልቅ ቆርቆሮ ያመጣው ሰጠኝ ነው። መንገዱ ሲያንገጫግጨው የዓሣው ዓይነት የተጻፈበት ወረቀት ተፍቆ አልቋል። እሾህ ስለማልወድ እሾሁንና ቆዳውን አንድ በአንድ እያወጣሁ በሳህን አስቀመጥኩ። ትርንጎ «ጤፍ ነው እንዴ የምትለቅመው?» ብላ ሳቀችብኝ።

ክዳኑ ሲነሳ ዳር ዳሩ ቡናማ ሆኖ ይንተከተካል። ድስቱን ከበን የገብስ ዳቦ እየቆረስን ማጥቀስ ጀመርን። መሪጌታ ሁለት ጊዜ ጎረሱና ሦስተኛውን እንደያዙ ቆዩ።

«ልጄ፣ ይኼ ዓሣ ክንፍና ቅርፊት ያለው ነው?»

በእኛ ዘንድ ሁለቱ የሌሉት የውኃ ፍጥረት አይበላም። እኔ ዓሣ መሆኑን እንጂ ሌላ አላውቅም። ወደ ሰጠኝ ዞርኩ።

«ባለሱቁ ዓሣ ነው አለኝ። አብሬው አልዋኘሁ።»

ማንም አልሳቀም። መሪጌታ ዳቦውን ቀስ ብለው አኖሩት። ያልተፈቀደ በልተው ከሆነ ሌሊት ማኅሌት እንደማይቆሙ ነገሩን። አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ያኔ የለቀምኩበት ሳህን ትዝ አለኝ። ትርንጎ ለድመቷ ብላ ደጅ አውጥታዋለች። ስደርስ ድመቷ ከግማሽ በላይ ጨርሳለች። ሳህኑን ከአፏ ሥር ነጥቄ ይዤ ገባሁ። መሪጌታ የተረፈውን ጭራ አንስተው ወደ በሩ ብርሃን ያዙት። አጠገቡ ያለችውን ትንሽ ክንፍ ዘረጉ። ከዚያ ቆዳውን በአውራ ጣታቸው ጥፍር ወደ ኋላ ፋቁ። ከምስር ክክ የማትበልጥ፣ የምታብረቀርቅ ቅርፊት ጥፍራቸው ላይ ተለጠፈች።

«ትርንጎ፣» አሉ ያኖሩትን ዳቦ እያነሱ፣ «ዳቦ ጨምሪ እንጂ።»

እኔም ወደ ድስቱ ተጠጋሁ።

ዛሬም ያንን ምግብ ስሠራ አንዲት ቅርፊት ለይቼ ከሳህን ጠርዝ አስቀምጣለሁ፣ የሚጠይቀኝ ባይኖርም። ትርንጎ፣ ሰጠኝ፣ የዘለልኩት ካለ ጨምሩበት። የድስቱን ግርጌ የጠረግሁት እኔ ነኝ እያላችሁ ሁለታችሁም እስከ ዛሬ ትከራከራላችሁ። እኔ ግን የማስታውሰው የመሪጌታን እጅ ነው።