በቆሎ እየፈለፈልን ያየነው ፊልም

ልጆቼ ተከታታይ ፊልም ሲያዩ እኔ ጥግ ይዤ እተቻለሁ። «ይሄኛው ምዕራፍ ውሃ ውሃ ይላል፤ ያለፈው ይሻል ነበር» እላለሁ። «እማዬ ደግሞ! ከመቼ ወዲህ ነው የፊልም ተቺ የሆንሽው?» ብለው ይስቁብኛል። ከመቼ ወዲህ እንደሆነማ አውቃለሁ። ከአሶሳ ወጣ ብሎ ባለ አንድ የሰፈራ መንደር፣ መጋዘን ወለል ላይ ተቀምጬ በቆሎ ስፈለፍል ነው። ያስተማረኝም ቅናት ነው፤ ሌላ መምህር አልነበረኝም።

በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ያመጡን በራሺያ አውሮፕላን ነው። ወንበር የለው፣ ምን የለው! ቆመን፣ ተቃቅፈን፣ አንዳችን በሌላችን ላይ እያስመለስን መጣን። መንደራችን ስም አልነበረውም፤ ቁጥር ነበረው። ቤቱ ቀርከሃ፣ እርሻው የጋራ፣ ዝናቡ ደግሞ ከወረደ ማባሪያ የለውም። ዝናብ እርሻ ሲያስቀረን ሴቶቹ መጋዘን እንሰበሰብና የከረመውን በቆሎ እንፈለፍላለን።

ከአገራችን ይዘነው የመጣነው አንድ ወግ ነበር። የምትተርት ሴት እጇ አይሠራም። ጆንያ ላይ ከፍ ብላ ትቀመጣለች፤ የእሷን ድርሻ ሌሎቹ ይፈለፍሉላታል። ያ ጆንያ የእኔ ነበር። ተረት የወረስኩት ከአባቴ ነው፤ በሬያችን አለቀ፣ ቀያችን ቀረ፣ አባቴም እዚያው አፈር ለበሰ፤ አፌ ግን አብሮኝ መጣ። ሌላው ቢቀር ጆንያው ላይ ስወጣ ሰው መሆኔ ይታወቀኝ ነበር። እሱን የነካብኝ ዓይኔን ነካኝ ማለት ነው።

ጓደኛዬ የምላት የአንድ ቀዬ ልጅ፣ አብራኝ ያደገች፣ በዚያው አውሮፕላን ከጎኔ ቆማ የመጣች ናት። ዝምተኛ ነበረች። ስተርት አፏን ከፍታ የምትሰማኝ፣ ድርሻዬን ከሁሉ ቀድማ የምትፈለፍልልኝ እሷ ነበረች። ታዲያ ለምን አልወዳት? እናቷ ወባ ጠንቶባቸው አሶሳ ሆስፒታል ሲገቡ አስታማሚ ሆና ሄደችና የክረምቱን እኩሌታ እዚያው ቆየች። እናትየው ድነው ሲመለሱ መንደሩ ሁሉ ደስ አለው፤ እኔንም ደስ አለኝ። ደስታዬ አድሮ ከረመ እንዳትሉ፤ በማግስቱ አለቀ።

በማግስቱ ጆንያዬ ላይ ወጥቼ የጅቡንና የአህያዋን ልጀምር ስል አንዷ አቋረጠችኝና ወደ ጓደኛዬ ዞራ፣ «እስቲ አንቺ፣ ከተማ ምን አየሽ?» አለቻት።

«ፊልም አየሁ» አለች።

እዚያ ያሉ ፈረንጅ ነርሶች እሑድ እሑድ ቴሌቪዥናቸውን መስኮት ላይ አድርገው፣ ፊቱን ወደ ግቢ አዙረው፣ ለአስታማሚው ካሴት ይከፍቱለታል አለች። ፊልሙ ተከታታይ ነው። በከዋክብት መሃል ስለሚሄድ መርከብ ነው። «ሰዎቹ ከአገራቸው ተነሥተው በሰማይ ይሄዳሉ፤ የሚያርፉበትን አያውቁትም» አለች።

የሁሉም እጅ ቆመ። «ወንበር አለው?» አለች አንዷ። «ያስመልሳቸዋል?» አለች ሌላዋ። «ካድሬያቸው ማን ነው?» አለች ሦስተኛዋ፣ ወደ በሩ ሰረቅ አድርጋ አይታ። የሌላ አገር ሰው ቢሆን ኖሮ መርከብ በሰማይ መሄዱ ይገርመው ነበር። እኛን ምን ይገርመናል? ሰፋሪ ናቸው ብለን ተቀበልናቸው። መጥረቢያ ተሰጥቷቸው እንደሆነ ጠየቅን። ሲደርሱ ቤት ተሠርቶ ይጠብቃቸው እንደሆነ፣ ወይስ እንደኛ ሣር ላይ ያድሩ እንደሆነ ጠየቅን። ሁሉንም መለሰች። ያቺ ዝምተኛ፣ ቃል ከአፏ በጉጠት የሚወጣላት ልጅ!

የመርከቡ አለቃ ሴት ናት አለች። ልጇን ወደ አጎቱ ልካው ሳለ መርከቡ ተነሣ፤ ልጁ ቀረ። ይህን ስትል ሁላችንም ወደ አንድ ወገን ዞርን። ከመሃላችን እማማ የምንላቸው ሴትዮ ነበሩ። አንድ ልጃቸው ልክ እንደዚያ ነው የቀረባቸው፤ ወደ አጎቱ በላኩት ቀን መኪናው መጣና ጫናቸው። እማማ የበቆሎውን ዛላ ጭናቸው ላይ አስቀመጡና፣ «ተመለሰችለት?» አሉ።

«ገና ነው እማማ፤ ፊልሙ ገና ነው» አለች።

ከጆንያው ወረድኩ። ውረጂ ያለኝ የለም። ግን ማንም የማያየኝ ከሆነ እዚያ ላይ ተጎልቼ ምን እሠራለሁ? አንዷ ጓደኛዬን ክንዷን ይዛ አወጣቻትና በእኔ ቦታ አስቀመጠቻት። እኔም እንደማንኛዋም ዘርፈጥ ብዬ መፈልፈል ጀመርኩ፤ የእሷን ድርሻ ጭምር!

እንዲህ ሆኖ ሰነበተ። እንጀራ አልወርድ አለኝ፤ ባሌ «አሞሻል እንዴ?» ይለኛል። ያኔ ነው ተቺ የሆንኩት። ፊልሙ ጎደሎ እንዲገኝበት እንከን እንከኑን ፈለግሁ። «ማን እያረሰ ነው የሚበሉት?» እላለሁ። «አንድም ሰው አይታመም? ወባ የለም?» እላለሁ። «ያለፈው ሳምንቱ ይሻል ነበር፤ ይሄኛው ክፍል መንዘላዘል በዛበት» እላለሁ፣ ያላየሁትን ፊልም! አንድ ቀን ብሶብኝ፣ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!» ብዬ ጮህኩ። መጋዘኑ በሳቅ ፈረሰ። እሰይ አልኩ በሆዴ። እሷም አብራ ሳቀች።

በማግስቱ መርከቡ ውስጥ ላም ተገኘች። ስንቅ አልቆባቸው ሊያርዷት ሲሉ አለቃዋ፣ «ከአገራችን አፈር ሣር የበላች ነፍስ እሷ ብቻ ቀርታለች፤ አትነኳትም» ብላ ቢላዋውን ቀማች። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ። በእኔው ስድብ አስለቀሰቻቸው! ደግሞ ፊልሙ እንዴት ቢገጥምላት ነው ብዬ ዕድሏን ረገምኩ።

የምጽናናበት አንድ ነገር ብቻ ነበረኝ። ምን ችሎታ አላት? እል ነበር። ያየችውን ነው የምታወራ። ሥራው የሣጥኑ ነው። እኔን እዚያ ሣጥን ፊት ቢያስቀምጡኝ ኖሮ እጥፍ አድርጌ አወራው ነበር። በዚህች ነው ሌሊቱን እንቅልፍ የሚወስደኝ።

ከዚያ አንድ ቀን ወሬው ቆመ። መርከቡ ወደ አለቃዋ አገር ሰማይ ደርሷል፤ ከላይ ሆነው የቀዬዋን ዛፎች ያያሉ። «ከዚያስ?» አሉ እማማ። ጓደኛዬ አንገቷን ደፋች። «የመጨረሻውን ሳላይ እናቴ ዳነችና ወጣን» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እማማ ከሰው ተራ ወጡ። ባገኟት ቁጥር «እንዲያው አስታውሺ እስቲ ልጄ» ይሏታል፤ እሷም «አላየሁትም እማማ» ትላለች።

እኔ ግን ዓይኔ በራ። መጨረሻውን ያየች ጆንያው የእሷ ነው! ትንሽ ትንሽ የሚጠዘጥዘኝ፣ እንኳን ዘንድሮ ለከርሞም የሚቆይ ጥርስ ነበረኝ። ጉንጬን ይዤ የመንደሩ ሊቀመንበር ደጅ አለቀስኩ፤ ፈቃድ አገኘሁና ቅዳሜ በትራክተር ተሳቢ አሶሳ ገባሁ። ካልነቀላችሁልኝ ብዬ ጥርሴን አስነቀልኩ። ሞኝነት በሉት። ቅናት የያዘው ሰው ጥርሱን አይደለም ዓይኑንም ቢያወጡለት አይሰማውም።

እሑድ ከሰዓት ግቢው ውስጥ ማንጎ ሥር ተቀመጥኩ። እንዳለችውም ቴሌቪዥኑ መስኮት ላይ ነበር። እንዳለችውም መርከቡ ነበር። ግን ሰዎቹ ጥብቅ ያለ ልብስ ለብሰው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፤ ያወራሉ፣ ይነሣሉ፣ ተመልሰው ይቀመጣሉ። በፈረንጅ አፍ። ላም የለ፣ ልጅ የለ፣ አለቃው ደግሞ ጺሙን የተላጨ ወንድ ነው። ሌላ ፊልም ይሆናል ብዬ ከጎኔ ልጇን ወደምታስታምም አንዲት የበርታ ሴት ዞርኩ።

«እህቴ፣ ከበፊት ጀምሮ ይሄው ነው የሚታየው?»

«ይሄው ነው። ሁልጊዜ ይሄ ነው።»

«ምን እያሉ ነው?»

«እኔ ምን ያውቃል? የፈረንጅ ነው። ማንም አይሰማም።»

«ታዲያ አንዲት የወሎ ልጅ፣ እናቷን የምታስታምም፣ እንዴት ሰማችው?»

ሴትየዋ ፊቷ በራ። ለእሷ ወንዱም ሴቱም «እሱ» ነው። «እሱ! የወሎ ልጅ! እሱ ራሱ ነው የሚናገር። ሣጥኑ ይወራል፣ እኛ ለሣጥኑ ጀርባ ይሰጣል፣ እሱን ብቻ ያያል። ወላሂ፣ እሱ ከሄደ ይሄ ሣጥን ባዶ ነው» አለችኝ።

አፌ ውስጥ የነከስኩት ጥጥ ደም ደም አለኝ። ሣጥኑ አይደለም። ሣጥኑ ምንም አላደረገላትም! ያቺ ሴት አለቃ፣ ያቺ ላም፣ ያ የቀረ ልጅ፣ ሁሉም ከዚያች ድርሻዬን ስትፈለፍል ከኖረች ልጅ ራስ የወጡ ናቸው። የእኔ ተረቶች የአባቴ ናቸው፤ የአባቴም የአባቱ። የራሴ የምለው አንድ ጅብ እንኳ አልነበረኝም። ወይ ጉዴ! እስከዚያች ሰዓት ድረስ ቀንቼ ነበር ብል ውሸት ነው፤ ቅናት የጀመረኝ ያኔ ነው።

ስመለስ መንገዱን ሁሉ ስዝት መጣሁ። አጋልጣታለሁ። ዋሾ ናት፣ ፊልሙ ሌላ ነው፣ ከሆዷ እየፈተለች ስታታልላችሁ ነው የከረመች እላለሁ። ሞቼ ልገኝ ካላልኩ!

መጋዘን ስገባ ፊልሙን አይቼ መምጣቴን ሁሉም ሰምተዋል። ያበጠ ጉንጬን እንኳ የጠየቀኝ የለም፤ ብድግ አድርገው ጆንያው ላይ አወጡኝ። ጓደኛዬን አየኋት። ፊቷ አመድ መስሏል፤ እንዳወቅሁባት ገብቷታል። ከዚያ እማማን አየሁ። በቆሎ እንኳ አልያዙም፤ ሁለት እጃቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው አፍ አፌን ያያሉ። አፌን ከፈትኩ። መንገድ ሙሉ የዛትኩትን ተውኩትና፣ «ተመለሰች» አልኩ።

«እ... ከዚያስ?» አሉ እማማ።

ከዚያስ? «ተመለሰች፤ ደስ አላቸው፤ አለቀ» አልኩ። ደረቅ እንጨት! ለራሴም ተሰማኝ። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ለዚህ ነው እንዴ ጥርሷን ያስነቀለችው የሚል ፊት ነበር። እማማ ቀስ ብለው እጃቸውን ሰበሰቡ።

ያኔ ጓደኛዬ፣ ከወለሉ ላይ፣ ዓይኗን ከበቆሎው ሳታነሣ፣ «በሩን ማን እንደከፈተላት አልነገርሻቸውም እኮ» አለች።

የምን በር? ወደ እሷ ዞርኩ።

«ጠዋት ውሃ ስንወርድ ለእኔ ነገርሽኝ አይደል? ልጇ ነው የከፈተላት። አድጓል፣ ጺም አውጥቷል። አላወቃትም አላልሽኝም?»

«አዎ፤ አላወቃትም» አልኩ።

እማማ ወደ እሷ አልዞሩም፤ ወደ እኔ ነው ያዩት። «ታዲያ ምን አላት?» አሉኝ።

ጓደኛዬ ዛላውን እያገላበጠች፣ ለራሷ የምታወራ አስመስላ፣ «እንግዳ መስላው፣ ‹ይግቡ እማማ፣ ቤት ለእንግዳ ነው› አላት፤ ይቺ ናት እኮ እኔንም ሆዴን የበላችኝ» አለች።

«ይግቡ አላት» አልኩ እኔም።

እማማ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ከዚያ፣ «ይግቡ ካለኝማ ይበቃኛል» አሉ። እንባቸው ዝም ብሎ ወረደ፤ ከመጣን ጀምሮ ሲያለቅሱ ያየናቸው ያን ቀን ነው። ተነሥተው ወደ ጆንያው መጡና ያበጠ ጉንጬን በሁለት እጃቸው ይዘው ሳሙኝ። «አንደበትሽ ይባረክ ልጄ» አሉኝ። ሌሎቹም ተከትለው መረቁኝ። ጓደኛዬ ድርሻዬን ትፈለፍል ነበር።

ከዚያ ወዲያ ጆንያውን የቀማኝ የለም። እሷም ያን ነገር አንድ ቀን አላነሣችብኝም፤ ብቻችንን ሆነን ውሃ ስንወርድ እንኳ፣ በቀልድም ቢሆን። ብታዋርደኝ ጠልቻት ባረፍኩ ነበር። እማማ እስኪሞቱ ድረስ በየደረሱበት የሚመርቁት እኔን ነበር፤ እኔም ጓደኛዬ እየሰማች «አሜን» እል ነበር፤ እያንዳንዱ አሜን እንደ ፍም ያቃጥለኝ ነበር።