ከጎረቤት መንግሥታት ደጃፍ

ከድሬዳዋ ጅቡቲ የሄድኩት ስለ ልጄ ለመጠየቅ ነው። ጀማል ለድንበሩ ጦርነት ዘምቶ አልተመለሰም። ሞተ ያለኝ የለም፤ ተማረከ ያለኝም የለም። ሚስቱ ፋጡማ ከእኔ ጋር ተቀምጣ ዓመታት አለፉ። አሁን አንድ ደግ ሰው ሊያገባት ጠይቋል። ሼኻችንን ባማክር፣ «የምትጠይቁበት በር እስካለ ጠይቁ፤ በሩ ሲያልቅ ነፃ ትሆናለች» አሉኝ።

አንድ በር ቀርቶኝ ነበር። የአካባቢያችን መንግሥታት ማኅበር ቤቱ ጅቡቲ ነው። ሚኒስትሮቹ ሊሰበሰቡ መሆኑን በሬዲዮ ሰማሁ። ጀማል የዘመተበት አገርም አባል እንደሆነ አውቅ ነበር። እንግዲያ ሁለቱም ፊት ለፊት ይቀመጣሉ ብዬ ተነሣሁ።

በባቡሩ

ወንበሩ በነጋዴ ሴቶችና በጆንያ ሞልቷል። አጠገቤ የተቀመጠች የሽንኩርት ነጋዴ፣ «እናቴ፣ አንቺ ምን ይዘሽ ነው የምትወርጂው?» አለችኝ።

«ለጉባኤ ነው የምሄደው።»

«እና ከሽንኩርት ጋር ምን አስቀመጠሽ? የጉባኤ ሰው በአውሮፕላን ነው» አለችና ሳቀች። ቦታዋን ግን አስፍታ እግሬን እንድዘረጋ አደረገችኝ። አላህ ይስጣት።

ከሽንሌ ወዲያ ሜዳው ነጭ ነው። አይሻ አካባቢ የሞቱ ፍየሎች ከሐዲዱ ዳር ተኝተዋል። ልጆች ባዶ ጀሪካን ወደ መስኮቱ ዘረጉ፤ የያዝኩትን ውሃ አፈሰስኩላቸው። ለአንዱ እንኳ አልበቃም። ድንበሩ ደወሌ ላይ መታወቂያችን ታየ፤ ከዚያ በኋላ ሁሉ ነገር በፍራንክ ነው።

ካርቲየ 3

ያረፍኩት ከአክስቴ ልጅ ከዘይነብ ዘንድ ነው። ካርቲየ 3 በሚባለው የጅቡቲ ሰፈር ጨርቅ ትሸጣለች። ከገዢ ጋር በሶማሊኛ፣ ከአስመጪው ጋር በዓረብኛ፣ ከእኔ ጋር በአማርኛ ታወራለች። በምድጃ የተጠበሰ ዓሣ በስስ ቂጣ አበላችኝ። ሙቀቱ ግድግዳው ላይ ሳይቀር አለ።

ጠዋት በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ያመጣሁትን ጫት ስፈታ አየችኝ። በእኛ አገር ሽማግሌ ሲቀመጥ ባለጉዳይ ባዶ እጁን አይቀርብም። ጫት ያቀርባል፤ ዱዓ ይደረጋል፤ ከዚያ ይናገራል።

«የትናንት ጫት ለሚኒስትር?» አለች ዘይነብ። «አታዋርጂን እንጂ።»

ያም ሆኖ ያዝኩት።

በሩ ላይ

የማኅበሩ ቤት ዘበኛ ሶማሌ ነው፤ አማርኛ የለመደው ድሬዳዋ ነው። የጫቱን እስር አገላብጦ አየው።

«እናቴ፣ ይሄ ለማን ነው?»

«ለተቀመጡት።»

«እነሱ ውሃ ብቻ ነው የሚጠጡት። ለዚህ ነው መሰለኝ ወሬያቸው የማይሞቀው።» ቢሆንም አላባረረኝም። አንድ ኢትዮጵያዊ አስተርጓሚ ጠራልኝ፤ አቶ ሰሎሞን ይባላል። ከጥላው ሥር አስቀምጦ እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

«እዚህ ሰው መጥቶ አይናገርም» አለኝ። «የሚናገረው መንግሥት ነው። ማኅበሩ መጀመሪያ የተመሠረተው ለድርቅ ነበር፤ ችግሩ የጋራ ስለሆነ ተሰበሰቡ። የሰላም ጉዳይ የተጨመረው በኋላ ነው።»

«በባቡር ስመጣ ድርቁን አየሁት።»

«አለ» አለኝ። «ዛሬም የሚነጋገሩት ስለ እሱ ነው። ሁሉም እሺ ካላሉ ደግሞ አንድ ቃል አይወጣም።»

«እንግዲያ የእኛ መንግሥት ይጠይቅልኝ፤ ያኛው ይመልስ። እሺ፣ የለም ይበለኝ። እሱም ይበቃኛል።»

አቶ ሰሎሞን መነጽሩን አወለቀ። «እናቴ፣ ያኛው አገር ተቀይሞ ማኅበሩን ትቷል። ስብሰባ አይመጣም። ቢጠየቅም የሚመልስ ሰው የለም።»

«አንተ ውስጥ ትገባ የለም? አንዲት ቃል ጣልልኝ።»

«እኔ የሌላ ሰው ቃል ነው የምተረጉመው። የራሴን ከጨመርኩ በማግስቱ እዚህ አያገኙኝም።» መነጽሩን መልሶ አደረገና፣ «ልጅዎ ማን ነበር ስሙ?» አለ።

«ጀማል ነው ስሙ።»

«ጀማል» አለና አንገቱን ደፋ። ከዚያ ተጠራ፤ ገባ። ከሰማኝ ሰው ሁሉ ሳይቸኩል የሰማኝ እሱ ነው። አላህ ልጆቹን ያሳድግለት።

ጫቱን ለዘበኛው ሰጠሁት።

ቤት

ፋጡማ ድሬዳዋ ለገሃር ቆማ ጠበቀችኝ።

«ምን አሉ፣ እማ?»

«የሚመልስ ሰው የለም።»

ጓዜን ተቀብላ ወደ ቤት መራችኝ። ያ ቤት ክፉ ቤት አይደለም፤ ለመንግሥታት የተሠራ ነው። እኔ ለእናትም መስሎኝ ነበር። የሚኮራረፉት መንግሥታት ናቸው፤ የእነሱን ኩርፊያ ግን ፋጡማ በዕድሜዋ ስትከፍል ኖራለች። ከዚህ በላይ ላስከፍላት አልፈለግኩም።

በማግስቱ ሼኹ ዘንድ ይዣት ሄድኩ። በሩ አለቀ አልኳቸው። ዱዓ አድርገው፣ ባሏ እንደሞተባት ሴት ዒዳዋን፣ አራት ወር ከአሥር ቀኑን፣ እንድትቆጥር፣ የሐዘን ጊዜዋን ስትጨርስም ማግባት እንደምትችል ነገሯት። ከእኔ ቤት ትዳራለች አልኩ። አልሐምዱሊላህ፤ ለእሷ መንገድ ተከፍቷል።

ማታ ፋጡማ የሐዘን ነጭ ለበሰች። እኔ አልለበስኩም።