ከረባት ያሰረው ጅብ

አባቴ ደብረ ማርቆስ ገበያው ዳር ልብስ ሰፊ ነበር። ተረት የሚነግረን እየሰፋ ነው። ነገሩ ጡዘት ላይ ሲደርስ የስፌት መኪናውን ፔዳል ያቆማል፤ ታናሽ እህቴ «ከዚያስ?» ካላለች አይቀጥልም። እኔ ብል አይቆጠርልኝም፤ በዚህ እናደድ ነበር።

እሷ የምትወደው አንዱን ነው። እናት ልጇን ቤት ትታ ገበያ ትሄዳለች። ጅብ የእናትየዋን ድምፅ አስመስሎ ያንኳኳል፤ ልጅቷ ትከፍታለች፤ ይውጣታል። እናት ደርሳ ሆዱን ቀድዳ ልጇን ከነሕይወቷ ታወጣለች። እህቴ እዚህ ላይ ሁሌም ታጨበጭባለች።

አድጋ ለሥራ ቤሩት ሄደች። መጀመሪያ ትደውል ነበር፤ ኋላ ስልኳ አልሠራ አለ። አባቴም ተረት ተወ። እኔ እሷንም ናፈቅሁ፣ የእሱንም ድምፅ ናፈቅሁ።

አዲስ አበባ የቴሌቪዥን ድራማ እጽፋለሁ። የወንጀል ድራማ አምጣ ስባል ያ ጅብ ትዝ አለኝ። ከረባት አሰርኩለት፤ ሴት ልጆችን አታልሎ የሚወስድ ደላላ አደረግኩት። ዳይሬክተሩ ወደደው፤ ብቻ «ልጅቷ ሞታ ትገኝ፤ ወንጀል እኮ ነው» አለኝ። እንደሱ የፖሊስ ጣቢያን ደጅ ሳያዩ ስለ ወንጀል የሚያስተምሩ ሰዎች አያልቁም። አባቴ የሚያየውን ድራማ በሞተች ልጅ አልጨርስም ብዬ ድርቅ አልኩ። ሲሰለቸው ተወልኝ።

ድራማው የሚታየው እሑድ ከሰዓት ነበር። ደብረ ማርቆስ ሄጄ ከአባቴ ጎን ተቀመጥኩ። ደላላው የልጅቷን በር ሲያንኳኳ ጅቡ መሆኑን ወዲያው አወቀ።

«ይሄ ሌባ ደግሞ ከረባት አሰረ?» አለ። ከስንት ጊዜ በኋላ ሲስቅ ሰማሁት።

ልጅቷ እንደተወሰደች ማስታወቂያ ገባ። አባቴ ፔዳል ላይ ያለ ይመስል እግሩን ቀጥ አድርጎ ጠበቀ።

«ከዚያስ?» አልኩ።

ዞር ብሎም አላየኝ።

ማስታወቂያው አለቀ። ፖሊሶች ደላላውን ያዙት፤ ልጅቷ ነፃ ወጥታ የእናቷን በር አንኳኳች።

«ተነሥ፣ ክፈትላት» አለ አባቴ።

«አባባ፣ ቴሌቪዥኑ ነው እኮ።»

«አውቃለሁ። አንተ ብቻ ክፈተው።»

ተነሥቼ የቤታችንን በር ከፈትኩ። ደጁ ላይ ማንም አልነበረም። ብርዱ ሲገባ ለአባቴ አስቤ «ልዝጋው?» አልኩት።

«ትንሽ ይቆይ» አለ።