ለማጣራት ብዬ የጠየቅሁት

ይህን ለሚስቴም ለነፍስ አባቴም አልተናገርኩም። ዛሬ ለእናንተ የምናገረው ለዓመታት ጽሑፌን አምናችሁ ስላነበባችሁ ነው።

ከሃያ ዓመት በፊት ጅጅጋ ሆኜ ስለ ድሮው የግመል ቅፍለት ንግድ ጽሑፍ አዘጋጅ ነበር። ባቡር ድሬዳዋ ከመድረሱ በፊት፣ ከበርበራ ወደ ሐረር የሚሻገር ነጋዴ «አባን» ይይዝ ነበር። አባን የእንግዳውን ነፍስና ዕቃ በቃሉ የሚያስጠብቅ የአገሩ ሰው ነው። ባቡሩ ሲመጣ ቅፍለቱም አባንነቱም ቀረ። አዴር ዩሱፍ («አዴር» በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው፣ የአክብሮት መጠሪያ) የአባን የልጅ ልጅ ነበሩ። በከብት ገበያው ደላላ ሆነው፣ «ይሄ ግመል የተሰረቀ አይደለም» ካሉ ገዢ ሌላ ምስክር አይፈልግም ነበር።

አንድ ቀን ማስታወሻዬን አስዘጉኝ።

«አያቴ አንድ ጊዜ ሸሽቷል። ካራማራ ላይ ሽፍታ ሲመጣ ነጋዴውን ጥሎ ሄደ፤ ሰውየው ሞተ። ይሄን የምናውቅ እኔና ወንድሜ ብቻ ነን። አትጻፍ፣ ልጄ።»

«አልጽፍም፣ አዴር።»

አልጻፍኩም። እኔ ጠየቅሁ። ያልተጣራ ነገር ይዤ መተኛት አልችልም ነበር፤ በዚህም እኮራ ነበር። በማግሥቱ እዚያው ገበያ ሌላ ሽማግሌ ዘንድ ሄድኩና «የአዴር ዩሱፍ አያት ነጋዴ ጥለው ሸሹ የሚባለው እውነት ነው?» አልኩ። የሚባለው! ማን ብሎ? ሽማግሌው ሰምተው አያውቁም። ከእኔ ሰሙ። ስሜ ሳይነሳ ወሬው ብቻ ዞረ።

ሳምንት አልሞላም። አዴር ዩሱፍ ለአንዲት ግመል ዋስ ሊቆሙ ሲሉ አንድ ጎረምሳ ገዢ፣ «አዴር፣ ሽፍታ ቢመጣስ? እርስዎ ከግመሏ ይቀድማሉ አሉ!» አላቸው። ገበያው ሳቀ። ገዢው ሌላ ደላላ ጠራ። ከዚያ ወዲህ በእሳቸው ቃል የሚገዛ ጠፋ።

ጽሑፉ ሲወጣ አስነብበው ኖሮ ሊያመሰግኑኝ መጡ።

«አንተ ቃልህን ጠበቅክ። ወንድሜ ነው ያዋረደኝ። ሁለተኛ ደጁን አልረግጥም።»

«እኔ ነኝ» ማለት ሁለት ቃል ነው። ስንት ጊዜ ይፈጃል? እኔ ግን ምስጋናቸውን ተቀብዬ እስከ በሩ ሸኘኋቸው።

ወንድማማቾቹ ሳይነጋገሩ ሞቱ፤ ታናሹ ጉናጋዶ፣ አዴር ዩሱፍ ጅጅጋ። ለዓመታት «አልጻፍኩም» እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። እውነት ነው፣ አልጻፍኩም። እናንተንም ይቅርታ አልጠይቅም፤ ይቅር ሊሉኝ የሚችሉት ሁለት ሰዎች ነበሩ፣ ሁለቱም በሕይወት ሳሉ አድራሻቸውን አውቅ ነበር።