«የጨው በር»ን ጸሐፊ ፍለጋ ወደ ባቱ

ቅዳሜ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል፣ አዳማ መናኸሪያ

ወደ ባቱ የሄድኩት አንድ ዐረፍተ ነገር ከየት እንደመጣ ለመጠየቅ ነው። ለእናቴ አልነገርኳትም። «ከፈቲያ ጋር ላንጋኖ ልንዝናና ነው» ብያት ወጣሁ። በሃያ አምስት ዓመቴ እናቴን መዋሸት አሳፍሮኛል፤ እውነቱን ለመናገር ግን አፌ እሺ አላለኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በስልክ ቻናል በየሳምንቱ የሚወጣ «የጨው በር» የሚባል ተከታታይ ልብ ወለድ አለ። ሰባት ሐይቆች፣ በየሐይቁ ሥር የሚኖሩ ነገሥታት፣ ነፋስ የሚጋልቡ ልጃገረዶች ያሉበት ምናባዊ ዓለም ነው። ጸሐፊው «ጥቁር ላባ» በሚል የብዕር ስም ነው የሚታወቀው፤ ፊቱን ያየ የለም። እኔና ጓደኛዬ ፈቲያ አንድ ማተሚያ ቤት ነው የምንሠራው፤ ሥራ ሲቀዘቅዝ ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምሮ አብረን አንብበነዋል። እኔ የገጸ ባሕርያቱን ሥዕል እየሳልኩ የአንባቢዎች ግሩፕ ላይ እለጥፋለሁ። ፈቲያ ደግሞ የሦስተኛው ሐይቅ ንጉሥ ከሃዲ ነው አይደለም እያለች ከማታውቀው ሰው ጋር ስትጣላ ትውላለች።

ከሦስት ሳምንት በፊት በወጣው ምዕራፍ፣ ናቡ የሚባለው ልጅ ከቤቱ ተነሥቶ ወደ ጨው በር ሲሄድ እኅቱን እንዲህ አላት፦ «ጫማዬን ለማንም እንዳትሰጪ። ቢጠበኝም ጠቦኝ አደርገዋለሁ።»

ዐረፍተ ነገሩን ደግሜ አነበብኩት። ይህን ያለኝ ወንድሜ ሚኪ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት፣ በሃያ ዓመቱ፣ በሞያሌ አድርጎ ደቡብ አፍሪካ ለመግባት በወጣ ዕለት፣ በራችን ላይ ቆሞ፣ ለእኔ ብቻ። ከናይሮቢ አንድ ጊዜ ደወለ፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁ ጠፋ። ያንን ቃል ለእናቴም ሆነ ለፈቲያ ተናግሬው አላውቅም። አሁን ግን በአንድ ቀን ስቲከር ሆነ። ሰው ሁሉ እየሳቀ ይላላከዋል። አንድ ወጣት እንዲያውም ቲሸርት ላይ እንድናትምለት ማተሚያ ቤታችን ድረስ መጣ፤ ያተምኩለት እኔ ነኝ።

ለጸሐፊው በውስጥ መስመር ጻፍኩ፦ «ይህን ከየት አመጣኸው? የወንድሜ ቃል ነው።» ሁለት ቀን ዝም። በሦስተኛው ቀን አድራሻ መጣ፤ ከሥሩም «ባቱ ነይ። በጽሑፍ አይሆንም» ይላል።

ፈቲያ መልእክቱን አይታ ብቻዬን እንደማልሄድ ወሰነች። የምንሄድበትን ቤት ለአባቷ ነገረች፤ ለሁለታችን አምስት መቶ ብር ከፍለን ሚኒባሱ ውስጥ ገባን።

ከሞጆ እስከ መቂ

ሞጆ ስንደርስ ከባድ መኪናዎቹ መንገዱን ይዘው ተደርድረዋል። የቆዳ ፋብሪካው ሽታ መስኮት ቢዘጋም ይገባል። ፈቲያ ልቤን ከሐሳብ ለመመለስ ብላ ነው መሰለኝ ስለ ጸሐፊው ትገምታለች። የአዲስ አበባ ልጅ ነው፣ ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው፣ ጺም አለው፣ ኮምፒውተር ላይ ነው የሚሠራው።

«ንጉሡን ግን ለምን አሰጠመው? ያን የመሰለ ንጉሥ!» አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።

አጠገባችን የተቀመጡ፣ መቂ የሽንኩርት ችግኝ ሊገዙ የሚሄዱ አባት ደነገጡ። «የማን ንጉሥ ነው የሰጠመው?»

«ተረት ነው፣ አባባ» አልኳቸው።

«ተረት?» ሁለታችንንም ከእግር እስከ ራሳችን አዩን። «ስንት ዓመታችሁ ነው?»

ነገርናቸው። ራሳቸውን እየነቀነቁ ወደ መስኮቱ ዞሩ። ፈቲያ ሳቋን በሻርፕዋ አፈነች። እኔ ግን ጥያቄያቸው ቆጠቆጠኝ። ዲግሪ ይዤ፣ በእናቴ ቤት እየኖርኩ፣ የሰው ቢዝነስ ካርድ እየነደፍኩ፣ ምሽት ምሽት የሌለ አገር ካርታ ስስል ገና ያላደግኩ ይመስለኝ ነበር። እናቴም «እዚያ ስልክ ውስጥ ምን አለ?» ትለኛለች። ምን እንዳለ ልነግራት አልቻልኩም። እዚያ ውስጥ የሄደ ሰው ይመለሳል።

ቆቃን አልፈን ዓለም ጤና ስንደርስ ያሰብኩትን ተናገርኩ። «ባለፈው ሳምንት ናቡ በሩን ተሻገረ። ታመመ፣ ወደቀ፣ ግን ተሻገረ። የሚኪን ቃል የሚያውቅ ሰው የሚኪን ነገር ያውቃል ማለት ነው። ተሻግሯል ማለት ነው።»

ፈቲያ በመስኮቱ መንገድ ዳር የተከመረውን የቲማቲም ሳጥን አየች። «የተሻገረው ናቡ ነው» አለች ቀስ ብላ።

አራት ሰዓት፣ ባቱ

ከመናኸሪያው በባጃጅ ወደ ሐይቁ አቅጣጫ ወረድን። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የዓሣ ራስ እየጠበቁ እንደ ዘበኛ ቆመዋል። አረንጓዴ የቆርቆሮ በር አንኳኳን። ከልብሷ ላይ ዱቄት የምታራግፍ፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ሃምሳዎቹን የተሻገረች ሴት ከፈተችልን።

«አካም ጅርቱ፣ አዴ» ብላ ፈቲያ እንደ አገሩ አክብሮት በኦሮምኛ ሰላም አለቻቸው። «ጥቁር ላባ የሚባል ጸሐፊ እዚህ ይኖራል?»

«ናጋ። እኔ ነኝ።»

ፈቲያ ሳቀች። «አይቀልዱብን እንጂ!»

ሴትዮዋ አልሳቁም። አዴ ጫልቱ ይባላሉ፤ ሰላሳ ዓመት ባዮሎጂ ያስተማሩ መምህርት ናቸው። በጺም የሳልነው ጎረምሳ፣ ያ ሁሉ ሰይፍና የሚያበር ዓሣ፣ ከእኒህ ሴት እጅ መውጣቱን ማመን አቃተኝ። እርሳቸው ግን ሁለታችንን በየተራ አይተው ጠየቁ፦

«የሚኪ እኅት የትኛዋ ናት?»

የሚኪን ስም አልጻፍኩላቸውም ነበር። ፈቲያ ክንዴን ይዛ አስገባችኝ።

አዴ ጫልቱ ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። ልጃቸው ገመቹ በዚያው ዓመት በዚያው መንገድ ወጥቶ ነበር። ናይሮቢ ላይ ከሚኪ ጋር ተገናኙ። ታንዛኒያንም አብረው አቋረጡ። ደላሎቹ ስልካቸውን ስለወሰዱባቸው ለገመቹ ከሚኪ የቀረለት ስሙ፣ «የናዝሬት ልጅ ነኝ» ማለቱና እግሩ ባበጠ ቁጥር እየሳቀ የሚደጋግመው ያ የጫማው ነገር ብቻ ነው።

«አዳማ መጥቼ ሦስት ቀን ጠይቄያለሁ» አሉ። «ልጄ፣ ናዝሬት ውስጥ ስንት ሚኪ አለ? ቢቸግረኝ ቃሉን ታሪኩ ውስጥ አስገባሁት። ባለቤቱ ካየው ይመጣል ብዬ።»

«ታዲያ ተሻግሯላ!» አልኩ። «ናቡን አሻግረውታል እኮ!»

መነጽራቸውን ከአንገታቸው አውልቀው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

«እጄ እምቢ አለኝ» አሉ። «ተማሪ ቀብሬ አውቃለሁ። ይህን ልጅ ግን በጽሑፍ እንኳ መቅበር አቃተኝ። ይቅር በይኝ።»

የጮኽኩ ይመስለኛል፤ ፈቲያ ግን አልጮኽሽም፣ ዝም ብለሽ ግድግዳውን ነው ያየሽው ትለኛለች። አዴ ጫልቱ ለልጃቸው በቪዲዮ ደወሉለት። ገመቹ ደቡብ አፍሪካ በሚሠራበት ሱቅ ባንኮኒ ጀርባ ቆሟል፤ ከኋላው የሳሙና ካርቶን ተደርድሯል። ፊቴን ሲያይ ማን እንደሆንኩ ሳይነገረው አወቀ፤ እኔና ሚኪ እንመሳሰላለን።

«ወባ ነው» አለኝ። «ማላዊ ድንበር ሊገባ ሲል ጠናበት። ሦስት ሆነን ሁለት ቀን ተሸከምነው። ደላላው ጣሉት ቢለንም አልጣልነውም።»

«የት ነው ያለው?»

«አንድ መንደር ዳር፣ ማንጎ ዛፍ ሥር። ገበሬዎቹ ዶማ አበደሩን። የእናንተን ጸሎት አላውቀውም። እሱ መንገድ ላይ ሲዘምር የሰማሁትን ዘመርኩለት። ግማሹ ጠፋብኝ፣ ግን ዘመርኩ።» እጁን ዓይኑ ላይ አደረገ። «የተቀበረበትን ቦታ ስም ጽፌ ይዣለሁ። የምሰጠው ሰው ሳጣ ነው የኖርኩት።»

መመለስ

አዴ ጫልቱ ያቀረቡልንን የዓሣ ወጥ እያለቀስን በላን። ልንሄድ ስንነሣ እርሳቸውም ነጠላቸውንና ቦርሳቸውን አንሥተው ወጡ። «እናት ለእናት ነው የሚነገረው» አሉ። መርዶ በማለዳ ነው የሚነገረው፤ ስለዚህ ፈቲያ ቤት አድረን ሲነጋ ከቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ጋር እንድንሄድ ተስማማን።

ሚኒባሱ ውስጥ አዴ ጫልቱ በመካከላችን ተቀምጠው ያንቀላፉ ነበር። ግሩፑን ከፈትኩት። ናቡ ሊነግሥ ነው አይነግሥም እያሉ ይከራከራሉ፤ ስቲከሩም በየመሐሉ ይመጣል። ጠዋት ቢሆን ሁሉንም ሰድቤ ከግሩፑ እወጣ ነበር። አሁን ግን አላስቆጣኝም። እዚያ ታሪክ ውስጥ የምገባው ከኑሮ ለመሸሽ ይመስለኝ ነበር። ለካ አንዲት ሴት የትም ልታደርሰው ያልቻለችውን የሌላ ሰውን ልጅ ሞት ይዛ፣ ሌላ መንገድ ብታጣ፣ በእኛ ጨዋታ መሐል አስቀምጣው ኖሯል። በሺሕ የምንቆጠር ሰዎች አነበብነው፤ አንዳችን እንኳ እውነት ይሆን ብለን አልጠየቅንም። እኔም ብሆን የጠየቅኩት የራሴ ስለሆነ ነው።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አዳማ ገባን። ያሰብነው ግን አልሆነም። ወደ ፈቲያ ቤት ስንታጠፍ እናቴ ከጸሎት ቤት እየተመለሰች መንገዱ ላይ ገጠመችን።

«ከላንጋኖ መጣችሁ?» አለች። ከዚያ ከኋላችን ያሉትን ሴት አየች። ፊቴን አየች። «እኒህ ማን ናቸው?»

አዴ ጫልቱ ወደፊት አንድ እርምጃ ሄዱ።

«ጫልቱ እባላለሁ። ከባቱ ነው የመጣሁት። የእርስዎ ልጅና የእኔ ልጅ መንገድ ላይ አብረው ነበሩ።»

«ነበሩ?» አለች እናቴ።

ባጃጅ በአጠገባችን ጥሩምባ እየነፋ አለፈ። ሦስት ዓመት ሙሉ ቤታችን ውስጥ «ምናልባት» የሚለውን ቃል የከለከለች እናቴ መጽሐፍ ቅዱሷን ደረቷ ላይ እንደያዘች ቆመች።

«ብቻውን ነበር?»

«አልነበረም» አሉ አዴ ጫልቱ። «ሦስት ሆነው ተሸክመውታል። ልጄ እጁን ይዞት ነበር።»

እናቴ ቦርሳቸውን ከእጃቸው ወሰደች።

«ይግቡ እንጂ» አለች፣ «ከመንገድ ነው የመጡት።»

የጮኸችው ግቢያችን ገብተን፣ እንግዳዋን ወንበር ላይ ካስቀመጠች በኋላ ነው።